ትዝታን ሳያጠፉ ወደ ወጣትነት ዘመን ዘፈንና ፊልም መመለስ

የወጣትነት ዘፈንን ፈልጎ ማግኘት ዛሬ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ችግሩ የሚጀምረው ከተገኘ በኋላ ነው። ዘፈኑ በተከፈተበት ቅጽበት፣ ለዓመታት በአእምሮ ውስጥ ሲኖር የነበረው ቅጂ ከአዲሱ ጋር መቀላቀል ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ «ከመስማቴ በፊት እንዴት ነበር የማስታውሰው?» ብሎ ራስን መጠየቅ ብዙም አያዋጣም። የተሳሳተው ግጥም፣ በፊልሙ ውስጥ ያልነበረው ትዕይንት፣ ከሌላ ተከታታይ ድራማ ጋር የተምታታው ገጸ ባሕርይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታረማሉ። መታረማቸው ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሥራው ራሱ፣ ማለትም ዘፈኑ ወይም ፊልሙ፣ በየመዝገብ ቤቱና በኢንተርኔት ተቀምጦ ሊገኝ ሲችል፣ አንድ ትውልድ ያንን ሥራ እንዴት እንደ ሰማው፣ ምን ብሎ እንደ ተረዳውና ከማን ጋር እንዳየው የሚመሰክረው ቅጂ ያለው በሰዎቹ አእምሮ ውስጥ ብቻ ነው፤ እርሱም አንድ ጊዜ ከተሰረዘ አይመለስም።

ስለዚህ እዚህ የሚመከረው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ይጻፋል፣ ቀጥሎ እኩዮች ይጠየቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ሥራው ተፈልጎ ይሰማል ወይም ይታያል፣ በመጨረሻም በእጅ ያለው አሮጌ ካሴትና ቪዲዮ ወደ ዲጂታል ይገለበጣል። ትዕግሥት የሚጠይቀው የመጀመሪያው ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እርሱኑ ነው።

ከየትኞቹ ዓመታት መጀመር ይሻላል

አርባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ሕይወታቸውን እንዲተርኩ ሲጠየቁ፣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን ከሌላው ጊዜ አብልጠው እንደሚያስታውሱ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ዘፈንን በተመለከተ ደግሞ ሞሪስ ሆልብሩክ እና ሮበርት ሺንድለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች አብልጠው የሚወዱት 24 ዓመት ገደማ ሳሉ ይደመጥ የነበረውን ዘፈን ሆኖ አግኝተውታል። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ በዚያ ዕድሜ ብዙ ነገር የሚደረገው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ ሰው ማን እንደሚሆን የሚወስነውም ያኔ ነው። እኔ የምጨምረው ሌላ ተራ ምክንያት አለ፤ አንድን ዘፈን በቀን አሥር ጊዜ ለመስማት የሚበቃ ትርፍ ጊዜ የሚገኘውም ያኔ ብቻ ነው።

ለማስታወሻው ሲባል ከ12 እስከ 25 ዓመት ያለውን ዕድሜ መያዝ ይበቃል። ነገር ግን የሚጽፉበትን ደብተር ገጾች በዓመተ ምሕረት አይከፋፍሉ። አእምሮ ዓመትን በቁጥር አያስቀምጥም፤ የነበሩበትን ክፍል፣ የኖሩበትን ቤት፣ አብረው ይመላለሱ የነበሩትን ጓደኛ ግን ያስታውሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ «ስምንተኛ ክፍል»፣ «ሁለተኛው ቤት»፣ «ሥራ ከመጀመሬ በፊት የነበረው ዓመት» የሚል ራስጌ ቢኖረው ይሻላል። ቁጥሩን በኋላ ሥራው የወጣበትን ጊዜ በማየት ማግኘት ይቻላል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል። እያንዳንዱ ትውልድ የራሱ ዘመን ሙዚቃ ከሁሉም እንደሚበልጥ ያምናል፤ ሁሉም ግን ትክክል ሊሆኑ አይችሉም። ካለፈው ዘመን ወደ እኛ የደረሱት በጊዜ ተጣርተው የቀሩት ናቸው። በዚያው ሳምንት አብረዋቸው የወጡት ደካማ ዘፈኖች ተረስተዋል፤ የዛሬዎቹ ደካሞች ግን ለመረሳት ገና ጊዜ አላገኙም። እንግዲህ የሚሰለቹትን፣ ሌላ ጣቢያ ስላልነበረ ብቻ ይታዩ የነበሩትን ፕሮግራሞች በደብተሩ ያልመዘገበ ሰው፣ የጻፈው ስለ ዘመኑ ሳይሆን ስለ ምርጫው ነው።

ደብተሩ

ማስታወሻው በወረቀት ላይ፣ ስልክ በሌለበት ክፍል ቢጻፍ ይመረጣል። ወረቀት ከስልክ የበለጠ ክብር ስላለው አይደለም፤ ስልኩ በእጅ ካለ የተረሳውን የተዋናይ ስም ለመፈለግ የሚመጣውን ጉጉት መቋቋም ስለሚያዳግት ነው። አንድ ስም ተፈልጎ ሲገኝ ከስሙ ጋር ፎቶግራፍ፣ አጭር ቪዲዮ፣ የሌሎች ሰዎች አስተያየት አብሮ ይመጣል፤ የቀረው ማስታወሻም በዚያ ይመረዛል።

በርዕስ አይጀምሩ። «የምወዳቸው አሥር ፊልሞች» የሚል ዝርዝር የሚያወጣው ከጊዜ በኋላ ዝና ያገኙትን ሥራዎች ነው። ከዚያ ይልቅ በዕቃው ይጀምሩ። ሬዲዮው የማን ነበር? ቴሌቪዥኑ የተቀመጠው በየትኛው ክፍል ነበር? ጣቢያ ለመለወጥ የማን ፈቃድ ያስፈልግ ነበር? ካሴቱን ማን አዋሰ፣ ተመለሰለት ወይስ ጠፋበት? ስንት ሰዓት ላይ «በቃ፣ ዝጉት» ይባል ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ሲመለሱ ሥራዎቹ ሳይጠሩ ይመጣሉ፤ ለዓመታት ጨርሶ ያልታሰበ የማስታወቂያ ዜማ ወይም የዜና መክፈቻ ሙዚቃም አብሮ ብቅ ይላል።

በዕቃውና በሰው መጀመር የሚጠቅምበት ሌላም ምክንያት አለ። በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቲም ዊልድሹት፣ ኮንስታንቲን ሴዲኪደስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች በናፍቆት የሚያወጉት ነገር ዋናው ባለ ታሪክ ተናጋሪው ራሱ ቢሆንም፣ ዙሪያውን ግን በሚቀርቡት ሰዎች የተሞላ መሆኑን አስተውለዋል። በዚያው ጥናት ናፍቆትን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋነኛው የከፋ ስሜት፣ በተለይም ብቸኝነት ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ ሁለት የሥራ ምክሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ስለ ፊልሙ የሚያስታውሱት ጥቂት ቢሆንም አብሮዎት ስለ ተቀመጠው ሰው ይጻፉ። ሁለተኛው ደግሞ፣ በከፋዎት ቀን ብቻ አይጻፉ፤ በዚያ ቀን የሚመጣው ትዝታ ዛሬ የጎደለውን ለመሙላት የተመረጠ ነውና፣ በሥራ ቀን ጧት ተረጋግተው የጻፉት ገጽ ፍጹም ሌላ መልክ ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ በባዝል ከተማ ባቀረበው ጽሑፍ ይህንን ናፍቆት እንደ በሽታ ቆጥሮት ነበር። የዛሬ ተመራማሪዎች ግን ሰውን ከሌሎች ጋር የተሳሰረ ሆኖ እንዲሰማው የሚያደርግ መሆኑን ይናገራሉ፤ ስለዚህ ደብተሩን ይዞ መቀመጥ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከሁሉ በላይ ዋጋ ያላቸው ስህተቶቹ ናቸው። በማያውቁት ቋንቋ የተዘፈነን ዘፈን ድምፁን ብቻ ይዘው ሲያንጎራጉሩት ከነበረ፣ ያንኑ ትርጉም የሌለው ድምፅ እንዳለ በፊደል ይጻፉት። ዘፋኙ ወንድ ነው ብለው ለዓመታት ካመኑ በኋላ ሴት ሆና ካገኟት ይህም ይጻፍ። የፊልሙን መጨረሻ ሳያዩ መብራት ጠፍቶ ወይም ወላጅ ጠርቶዎት ከነበረ፣ ለራስዎ የፈጠሩትን መጨረሻ ይጻፉ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራው፣ ሰዎች ከሌላ ሕዝብ የመጣ አፈ ታሪክ አንብበው ደጋግመው ሲተርኩት፣ እንግዳ የሆነባቸውን ክፍል እንደሚጥሉና የቀረውን ወደሚያውቁት ነገር እንደሚያስጠጉት አሳይቷል። የእኛም ትዝታ በየጊዜው በተተረከ ቁጥር ጥጉ እየለሰለሰ ይሄዳል። እንግዲያስ ምንም የማይገጥመውን፣ ትርጉም የማይሰጠውን ዝርዝር አስቀድመው ቢጽፉ ይሻላል፤ ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነውና።

በየአረፍተ ነገሩ ዳር ምልክት ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው። በዓይንዎ ያዩትን በአንድ፣ ሰው የነገረዎትን በሌላ፣ «መቼም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብለው የገመቱትን በሦስተኛ ምልክት ይለዩት። መጀመሪያ ላይ ከንቱ ድካም ይመስላል፤ ከእኩዮች ቃል ጋር ማነጻጸር ሲመጣ ግን ያለ እርሱ መሥራት አይቻልም።

እኩዮችን መጠየቅ

የቀድሞ ጓደኞች ተሰብስበው ሲያወጉ ብዙ ነገር የሚታወስ ይመስላል። በሙከራ የታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ በአንድ ላይ ተቀምጠው የሚያስታውሱ ሰዎች፣ ለየብቻ አስታውሰው መልሳቸው በኋላ ከሚደመርላቸው ከእነርሱ እኩል ቁጥር ካላቸው ሰዎች ያነሰ ነገር ያወጣሉ። አንዱ ሲናገር የሌላው የሐሳብ መስመር ይቋረጣል፣ ድምፁ ጎላ ያለው ሰው ትረካም የሁሉም ይሆናል። በስልክ የሚደረግ የቡድን ውይይት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ አንዱ ወዲያው የቪዲዮውን ማስፈንጠሪያ ይለጥፍና ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው ይጠይቁ፤ ከቻሉም በቃል ከመናገራቸው በፊት ጥቂት መስመር እንዲጽፉ ይለምኗቸው። መሰባሰቡና ጨዋታው ከዚያ በኋላ ይድረስ።

የጥያቄው አቀራረብም መልሱን ይለውጣል። ኤልዛቤት ሎፍተስ እና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባደረጉት ሙከራ የመኪና ግጭት ፊልም ለሰዎች ካሳዩ በኋላ መኪኖቹ በምን ያህል ፍጥነት ይሄዱ እንደ ነበር ጠየቁ። በጥያቄው ውስጥ መኪኖቹ «ሲጋጩ» የሚለውን ግሥ «ሲደቃቀቁ» በሚል ዓይነት ጠንካራ ግሥ በተኩ ጊዜ፣ ተጠያቂዎቹ ከፍ ያለ ፍጥነት ተናገሩ፤ ከሳምንት በኋላም በፊልሙ ውስጥ ጨርሶ ያልነበረ የተሰበረ መስታወት «አይተናል» የሚሉት ከእነርሱ መካከል በረከቱ። እንግዲህ ጓደኛዎን «ያ ረጅሙ ጺማም ሰውዬ የሚመራው ፕሮግራም ትዝ ይልሃል?» ብለው ከጠየቁት፣ ጺሙን የሰጡት እርስዎ ነዎት። «ቅዳሜ ማታ ምን ይታይ ነበር?» ብሎ መጀመር፣ ከዚያም «ማን ይመራው ነበር? ምን ይመስላል?» እያሉ መቀጠል ይሻላል። ዝምታ ሲመጣም ቶሎ አይሙሉት።

ታላላቆችንም መዘንጋት አይገባም። ያኔ «ይህ ጩኸት ምንድን ነው?» ይሉ የነበሩ ወላጆችና መምህራን በሕይወት ካሉ፣ ምን እንዳስቆጣቸው ዛሬ በአክብሮት ቢጠየቁ ደስ ብሏቸው ይመልሳሉ፤ ቃላቸውም ከአድናቂዎቹ ቃል ይልቅ ስለ ዘመኑ የሚናገረው ነገር ይበዛል። ድምፅ የሚቀዱ ከሆነ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። ሁለት ሰዎች የሚቃረን ነገር ከተናገሩም ለማስታረቅ አይቸኩሉ፤ ሁለቱንም በየስማቸው መዝግበው ይለፉ።

ያኔ የታየውን ቅጂ መፈለግ

አሁን ወደ ሥራው መሄድ ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ዛሬ የሚገኘው ቅጂ ያኔ ከታየው የተለየ ሊሆን መቻሉ ነው። አራት ለሦስት በሆነ ክፈፍ የተቀረጹ የቴሌቪዥን ተከታታዮች ለሰፊ ስክሪን ሲባል ከላይና ከታች ተቆርጠው እንደገና ይወጣሉ። የሙዚቃ መብት ባለመታደሱ ምክንያት በትዕይንቱ ውስጥ የነበረው ዘፈን በሌላ ይተካል። አሮጌ አልበሞች እንደገና ሲሰናዱ ድምፃቸው ከፍ ተደርጎ፣ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል የነበረው ልዩነት ይጠባል። ተተርጉሞ በሌላ ድምፅ የቀረበ ፊልም ያየ ሰው ደግሞ ዋናውን ቅጂ ቢያገኝ እንኳ የሚያውቀው ድምፅ በውስጡ የለም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚገርመኝ የፍጥነቱ ጉዳይ ነው። ሲኒማ በሴኮንድ 24 ምስል ይቀረጻል፤ ፓል የተባለውን የስርጭት ሥርዓት ይከተሉ የነበሩ አገሮች ቴሌቪዥን ግን በሴኮንድ 25 ምስል ያሳያል። ስለዚህ ፊልሙ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ በአራት በመቶ ገደማ ይፈጥን ነበር፤ የሁለት ሰዓት ፊልም አምስት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ያልቃል፣ ድምፁና ሙዚቃውም በጥቂቱ ይቀጥናል። በዚያ ሥርዓት ያደገ ሰው ፊልሙን ዛሬ በትክክለኛ ፍጥነቱ ሲያየው «ድምፁ ወፍሯል» ብሎ ቢገረም ጆሮው አልተሳሳተም። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የኖረ ዘፈንም እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ቴፕ ፍጥነት ከሌላው ትንሽ ስለሚለይ፣ በሰፈር የሚዞረው ቅጂ ከዋናው ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ይችላል። በዘፈኑ መግቢያ ላይ የሚናገረው የሬዲዮ አስተዋዋቂ ድምፅም ለብዙ አድማጭ የዘፈኑ አካል ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ የራስዎ ወይም የጓደኛዎ የድሮ ካሴት ከተገኘ፣ በኢንተርኔት ካለው ጥርት ያለ ቅጂ በፊት የሚሰማው እርሱ ነው።

በኢንተርኔት ዘመን ያደጉ ሰዎች ሌላ ዓይነት ችግር አለባቸው። ጂኦሲቲስ የተባለው የግል ገጾች መንደር እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘጋ። ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2016 በፊት የተጫኑበትን ሙዚቃዎች ማጣቱ በ2019 ታወቀ። የብዙ ጨዋታዎችና ካርቱኖች መሠረት የነበረው ፍላሽ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው፣ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ከእነዚህ አንዳንዱን አስቀርቷል፤ የድሮውን አድራሻ የሚያስታውሱ ከሆነ ፍለጋው ከዚያ ይጀመር። የሚያገኙትን ሁሉ አድራሻውንና ያገኙበትን ቀን ጽፈው ይያዙ፣ ነገም እዚያው ይኖራል ብለው አይተማመኑ።

መስማትና ማየት

ሥራው ሲገኝ ቁርጥራጩን ሳይሆን ሙሉውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ብቻዎን ሆነው ይዩት። እንዳለቀ ወዲያው፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ፣ ከደብተሩ በተለየ ቀለም የተለወጠውን ይጻፉ። የቀድሞውን ጽሑፍ ግን አይሰርዙ። ፊልሙ እንዳሰቡት ካልሆነ፣ ሴራው የላላ፣ ትወናው የተጋነነ መስሎ ከታየዎት፣ በዚያ ዕድሜ ምን ፈልገውበት እንደ ነበር መጻፍ ይገባል፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከፊልም የሚፈልገው የትወና ብቃት አልነበረምና። ዛሬ የሚከነክን ንቀት ወይም ስድብ ከተገኘበትም፣ ያኔ ስቀውበት እንደ ነበር ወይም ጨርሶ እንዳላስተዋሉት በግልጽ ይመዝገብ።

ዘፈንን በተመለከተ ቁጠባ ያስፈልጋል። ሃያ ዓመት ያልተሰማ ዘፈን የድሮውን ክፍልና የድሮውን ጓደኛ ይዞ የሚመጣው በመካከሉ ስላልተሰማ ነው። በየቀኑ ከተከፈተ የዛሬውን መንገድ፣ የዛሬውን ሥራ፣ የዛሬውን ትራፊክ ይለብሳል። እንዲያውም ከደብተሩ ውስጥ አንድ ሁለት ሥራዎችን ጨርሶ ሳይፈልጉ ቢተዉ እመክራለሁ፤ ምንም ጥናት አልጠቅስለትም፣ ምርጫዬ ነው።

ለልጆች ለማሳየት ካሰቡ አጭሩን ይምረጡ፤ በየመሃሉ እያስቆሙ አያብራሩ፣ ፊታቸውንም አይመልከቱ። ካልወደዱት በዚያው ይብቃ።

ካሴቱንና ቪዲዮውን ወደ ዲጂታል መገልበጥ

በቤት የተቀዳ ካሴት ዋጋ የሌለው የሚመስለው ሰው የቢቢሲን ታሪክ ማወቅ ይጠቅመዋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ ፕሮግራሞቹን ከቴፕ ላይ ሰርዟል። ከእነዚያ መካከል አንድ የታወቀ የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ የጠፉ ክፍሎቹ ድምፅ ሙሉ በሙሉ የተረፈው፣ ተመልካቾች ቴሌቪዥናቸው አጠገብ መቅረጫ አስቀምጠው ስለ ቀዱት ነው። ማሪዮን ስቶክስ የተባለች የፊላዴልፊያ ነዋሪም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በ2012 እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስ የቴሌቪዥን ስርጭት በቤቷ ስትቀዳ ኖራ 70,000 ገደማ ቴፖች ትታለች።

ቅድሚያ የሚሰጠው በሌላ ቦታ ለማይገኘው ነው፤ ከሬዲዮ ለተቀዳው፣ የሰው ድምፅ ላለበት፣ ጓደኛ ዘፈን መርጦ ላዘጋጀው ካሴት። በሱቅ የተሸጡት አልበሞች መጨረሻ ላይ ይድረሱ። ከማጫወት በፊት እያንዳንዱን ይመርምሩ። በክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ሊሆን ስለሚችል ከሌሎቹ ለይተው ለባለሙያ ያቆዩት፤ ካጫወቱት ማጫወቻውንም ሌሎቹን ካሴቶችም ይበክላል። ክሩን ወደ ሄዱ፣ ማለትም ድምፁን ከክሩ ላይ ወደሚያነበው የማጫወቻው ክፍል፣ የሚያስጠጋው ትንሽ ስፖንጅ ከወደቀ ድምፁ ይደበዝዛል፤ ካሴቱ በብሎን የተገጠመ ከሆነ ተከፍቶ ክሩ ወደ ሌላ ጤነኛ ሽፋን ሊዛወር ይችላል። በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት የመቅጃ መከላከያ ክዳኖች መስበርን አይርሱ፤ በስህተት የተጫነ የመቅጃ ቁልፍ የሚያጠፋውን የሚመልስ የለም። የ120 ደቂቃ ካሴቶች ክራቸው በጣም ቀጭን ስለሆነ በፍጥነት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማጠንጠን አያስፈልግም።

ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ይህ ካሴት ክሩ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሚጓዝ፣ በማጫወቻው ላይ ያለ ትንሽ ጉድለት ሁሉ በድምፁ ላይ ይሰማል። በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር የሚሰኩ ርካሽና ትንንሽ ማጫወቻዎችን አልመክርም፤ የተጠገነ፣ የላስቲክ ቀበቶው የተለወጠለት አሮጌ የካሴት ማጫወቻ (ዴክ) ይሻላል። ሄዱንና ክሩ የሚነካቸውን ብረቶች በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጥጥ፣ የላስቲኩን ጎማ ደግሞ በትንሽ ሳሙናና ውኃ ይጥረጉ፣ ይድረቅም። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ጥፋቱ የክሩ ላይሆን ይችላል፤ የሄዱ ማዘንበል ከቀዳው መሣሪያ ጋር ካልተስማማ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ፣ ድምፁ በጣም የጠራበት ቦታ ላይ ማቆም ነው፤ ይህ ለእያንዳንዱ ካሴት ሊለያይ ይችላል። ካሴቱ ዶልቢ በተባለው፣ ሽ የሚለውን የክር ድምፅ በሚቀንሰው ዘዴ ካልተቀዳ ዶልቢውን አይክፈቱ፤ ካልታወቀ ዘግተው ይቅዱት፣ በኋላ በሶፍትዌር ማስተካከል ይቻላልና።

ከዴኩ መስመር መውጫ ወደ ኮምፒውተሩ መስመር መግቢያ፣ ካልሆነም በዩኤስቢ ወደሚሰካ የድምፅ ካርድ ያገናኙ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በነጻ የሚገኘው ኦዳሲቲ የተባለው ሶፍትዌር ለዚህ ይበቃል። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ ዴሲቤል በታች ስድስት አካባቢ እንዲደርስ ያስተካክሉ፤ ክር ትንሽ ሲጮህበት ይታገሣል፣ ዲጂታል ግን ዜሮን ካለፈ ድምፁ ይቆረጣል። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ጥራት የተቀዳ የ90 ደቂቃ ካሴት ዋቭ በተባለው ያልተጨመቀ ፋይል 1.5 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ፍላክ የተባለው ቅርጽ ጥራቱን ሳይቀንስ ይህንን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ኤምፒ3 ለዕለት መስሚያ እንጂ ለማስቀመጫ አይሁን። ከዋናው ፋይል ላይ ሽ የሚለውን የክር ድምፅ አያጽዱ፣ የአስተዋዋቂውን ንግግርም አይቁረጡ፤ የተጣራ ቅጂ ከፈለጉ ለብቻው ያዘጋጁ። ሥራው በራሱ ፍጥነት የሚሄድ በመሆኑ የ90 ደቂቃ ካሴት 90 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ መንገድ የለውም።

ቪዲዮ ካሴት የባሰ ያስቸኩላል። ቪኤችኤስ የተባለው የቪዲዮ ካሴት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1976 በገበያ የዋለ ሲሆን፣ የመጨረሻው አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ በ2016 ማጫወቻውን መሥራት አቁሟል፤ ስለዚህ የሚሠራ ማጫወቻ ያለው ሰው ካሴቱን እስኪያሰባስብ መቆየት የለበትም። ካሴቱ በፓል፣ በኤንቲኤስሲ ወይም በሴካም የተቀዳ መሆኑን አስቀድመው ይወቁ፤ ማጫወቻውም መቅጃውም ያንን ሥርዓት የሚያውቁ ካልሆኑ ምስሉ ቀለም የለሽ ይሆናል ወይም ይናወጣል። ማስታወቂያዎቹን አይዝለሉ። ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ይልቅ ብርቅ የሆኑት እነርሱ ናቸው፤ ፊልሙ በሌላ ቦታ ይገኛል።

የፋይሉ ስም ካሴቱ ላይ በእጅ የተጻፈውን እንዳለ ይያዝ፤ ጽሑፉ የተሳሳተ ቢሆንም ማስተካከያው በሌላ ሰነድ ይግባ። የካሴቱን ሁለት ገጽና የሽፋኑን ወረቀት ፎቶግራፍ ከፋይሉ ጋር በአንድ አቃፊ ያስቀምጡ፣ የደብተሩን ገጽም እንዲሁ። የሌሎችን ሥራ ለራስ መገልበጥን በተመለከተ የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ለሕዝብ ማሰራጨት ግን በአብዛኛው የባለ መብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ሦስት ቅጂ ይኑርዎት፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ አንዱም ከቤት ውጭ ይሁን። በቤት ኮምፒውተር የሚቀዱ ሲዲዎች ከጊዜ ብዛት ስለሚበላሹ ብቸኛ ማስቀመጫ አይሁኑ። በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ፋይሎችን ከፍተው ያዳምጡ። ዋናዎቹን ካሴቶች አይጣሏቸው፤ ከተገለበጡም በኋላ ቆመው፣ በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ከድምፅ ማጉያ ርቀው ይቀመጡ፤ የተሻለ ማጫወቻ ከተገኘ እንደገና መቅዳት ይቻላልና።